ከምክረ ሐሳብ ባሻገር፦ ዲ. አር. ጋድጊል እና የጥናት ዕዳ

በየዓመቱ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጻፉ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚዘጉት «ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ» በሚል ምዕራፍ ነው። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚል ዐረፍተ ነገር የማይገኝበት ጽሑፍ ጥቂት ነው። የሚመለከተው አካል ማን እንደ ሆነ፣ ምክሩን ማን እንደሚያደርስለትና ባይቀበለው ምን እንደሚከተል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ይጠረዛል፤ ከዚያም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ይቀመጣል። ጊዜውን ሰጥቶ፣ የቤቱን ገመና ገልጦ መጠይቁን የመለሰው ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያይ ይቀራል።

ይህን ልማድ በሌላ ዐይን እንድመለከት ያደረገኝ የአንድ ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ሕይወት ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ በመሆኑ የቀደሙ ሥራዎችን ስቃኝ የዳናንጃይ ራምቻንድራ ጋድጊል ስም በሦስት የተለያዩ ዘርፎች ደጋግሞ ገጠመኝ። ስለ ሕንድ ኢንዱስትሪ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በ1924 የታተመ መጽሐፋቸውን ይጠቅሳሉ። በማዕከላዊ መንግሥትና በክልሎች መካከል ስላለው የገንዘብ ክፍፍል የሚጽፉት «የጋድጊል ቀመር» ይላሉ። ስለ ስኳር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጽፉት ደግሞ በአንድ የገጠር ፋብሪካ የመጀመሪያ ሊቀ መንበርነታቸው ያነሷቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪክ ጸሐፊ፣ ቀመር አውጪና የፋብሪካ ሊቀ መንበር በአንድ ሰው መገናኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም።

ለማሳየት የምሞክረው ይህንኑ ግንኙነት ነው። በጋድጊል ዘንድ ምርምርና ማኅበራዊ ተሟጋችነት የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም፤ ቆጠራው ራሱ የሙግቱ መጀመሪያ ነበር። ሆኖም ያው ታሪክ ሌላም ትምህርት ይዟል፤ ተመራማሪ ያልቆጠረውን ሰው ከጥናቱ የሚወለደው ተቋምም አይቆጥረውም።

የሃያ ሦስት ዓመቱ ደራሲ

ጋድጊል በሚያዝያ 1901 በምዕራብ ሕንድ በናሽክ ከተማ ተወለዱ። በናግፑር አድገው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። በዚያ ያካሄዱት ጥናት ስለ ሕንድ የቅርብ ዘመን የኢንዱስትሪ ዕድገት የሚተርክ መጽሐፍ ሆኖ በ1924 ሲታተም ዕድሜያቸው 23 ነበር። መጽሐፉ በደራሲው እጅ እየታደሰና እየሰፋ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሕንድ ኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል።

የመጽሐፉን ዋጋ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ክርክር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳዳብሃይ ናኦሮጂ የሕንድ ሀብት በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ እንደሚፈስ በአኃዝ ለማሳየት ደክመው ነበር። ሮሜሽ ቹንደር ደትም በ1902 እና በ1904 በታተሙ ሁለት ቅጾች የቅኝ አገዛዙ የመሬት ግብርና የንግድ ፖሊሲ ገበሬውንና ሸማኔውን እንዴት እንዳደኸየ ጽፈዋል። እነዚህ የአርበኛ ጽሑፎች ናቸው፤ በጊዜያቸውም ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ወጣቱ ጋድጊል ከእነርሱ በኋላ ተነሥተው ጥያቄውን ወደ ዝርዝሩ አወረዱት። የከተማ ዕደ ጥበብ ለምን ወደቀ ብለው ሲጠይቁ አንድ ተከሳሽ ብቻ አላቀረቡም፤ ሦስት ምክንያቶችን ለይተው አስቀመጡ። የመጀመሪያው የጥበበኞቹ ዋነኛ ደንበኛ የነበሩት የአገሬው ገዢዎች ቤተ መንግሥታት መጥፋታቸው ነው። ሁለተኛው የባዕድ አገዛዝ መስፈንና ከእርሱ ጋር የመጣው የልማድና የምርጫ ለውጥ ነው። ሦስተኛው ከዳበረ የውጭ ኢንዱስትሪ የመጣው ውድድር ነው።

ይህ ትንተና ቅኝ ገዢውን ከተጠያቂነት አያድንም። ነገር ግን ክሱን ለማስረዳት የሚችል ያደርገዋል፤ የትኛው ጉዳት ከፖሊሲ፣ የትኛውስ ከማሽን እንደ መጣ ካልተለየ ነጻ የወጣች አገር ምን ማረም እንዳለባት አታውቅምና። እኔ በመጽሐፉ ውስጥ የማየው የጋድጊል ባሕርይ ይህ ነው። ለአገራቸው መቆርቆራቸው ማስረጃውን ለማቅለል ሰበብ አልሆናቸውም።

መጽሐፉ በሚሸፍነው ዘመን ውስጥ በኋላ ሕይወታቸው ተመልሶ የሚመጣ አንድ አካባቢ አለ። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ የሕንድ ጥጥ ዋጋም ሰማይ ነካ። ገበሬው ተበደረ፣ አበዳሪውም በደስታ አበደረ። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው ግን እንዳለ ቀረ። በ1875 በዴካን አምባ፣ በፑኔና በአህመድናጋር አውራጃዎች የሚኖሩ ገበሬዎች በአራጣ አበዳሪዎች ላይ ተነሡ። የፈለጉት በዋናነት የዕዳ ሰነዶቹን ነበር፤ እየቀሙ አቃጠሏቸው። መንግሥት ኮሚሽን አቋቁሞ ካጣራ በኋላ በ1879 ለዴካን ገበሬዎች ማቃለያ የሚሆን ሕግ አወጣ። ሕጉ ፍርድ ቤቱን ለተበዳሪው በመጠኑ የተመቸ አደረገው እንጂ ገበሬውን የሚያበድር ሌላ አካል አልፈጠረለትም። ሰነዱ ተቃጠለ፤ የመበደር ፍላጎቱ ግን በቦታው ነበር።

የመቁጠር ልማድ

ጋድጊል ወደ አገራቸው ተመልሰው ከ1925 እስከ 1930 በሱራት የአንድ ኮሌጅ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ1930 ፑኔ ውስጥ የጎካሌ የፖለቲካና የኢኮኖሚ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሆኑ፤ እስከ 1966ም መሩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ወንበር ላይ መቆየት በራሱ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። የሚያስመሰግነው ወንበሩን የተጠቀሙበት መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን የኢኮኖሚ ትምህርት በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው ከእንግሊዝ የመጣ ንድፈ ሐሳብ ይነበብበት የነበረ መስክ ነው። የፑኔው ተቋም ግን ተማሪዎቹን ወደ ገበያና ወደ መንደር ሰደዳቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሕትመቶቹ አንዱ በፑኔ ከተማ የፍራፍሬ ግብይት ላይ የተደረገ ዳሰሳ ነበር። ፍሬው ከገበሬው እጅ ተነሥቶ ተመጋቢው ጋር እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ መከታተል ለብዙ ምሁር ተራ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገበሬው ከዋጋው ምን ያህሉን እንደሚያገኝ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ1945 እና በ1952 በሁለት ክፍል የወጣው የፑኔ ከተማ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ዳሰሳ ደግሞ በሕንድ የአንድን ከተማ ነዋሪዎች ኑሮ በናሙና ካጠኑት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ጋድጊል በኋላም፣ በ1965፣ ስለ ሕንድ ሴቶች የሥራ ተሳትፎ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል።

ተቋሙ የተለያዩ ድምፆች የሚሰሙበት መድረክም ነበር። በጥር 1939 ቢ. አር. አምቤድካር በዚያ ቀርበው ስለ ፌዴሬሽንና ስለ ነጻነት ንግግር አድርገዋል። የማይነኩ ተብለው ከተገፉት ወገኖች የወጡት ታላቅ የሕግ ሰው በፑኔ ምሁራን ፊት ቆመው ስለ መጪው መንግሥት ቅርጽ መከራከራቸው የተቋሙን መንፈስ ያሳያል።

ቦዩና ፋብሪካው

አሁን ወደ አህመድናጋር እንመለስ። አውራጃው ዝናብ አጠር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በጎዳቫሪና በፕራቫራ ወንዞች ላይ የመስኖ ቦዮችን ያሠራው በዋናነት ረኃብን ለመከላከል ነበር። ውኃው ሲመጣ ገበሬው ሸንኮራ አገዳ ተከለ። አገዳውን ጨምቆና አፍልቶ ጥቁር ስኳር እያደረገ ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው ሲወድቅ ግን ከነዕዳው ይቀራል። የግል የስኳር ኩባንያዎችም መጥተው የገበሬውን መሬት በኪራይ ይይዙ ጀመር። ውኃው ለገበሬው ተብሎ መጣ፤ ትርፉ ግን ወደ ሌላ ሄደ።

ጋድጊልና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን ቦዮች ኢኮኖሚያዊ ውጤት አጥንተው በ1948 አሳተሙ። ጥናቱ ውኃ የደረሰውን እርሻ ካልደረሰው ጋር እያነጻጸረ የመስኖን ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ጥቅም የሚመዝን ነበር። ጥያቄው መንግሥት ከውኃ ክፍያ ስንት ሰበሰበ በሚል ብቻ አልተወሰነም፤ በምርት፣ በሥራና በአካባቢው ንግድ ላይ ምን ተለወጠ ብሎም ይጠይቃል። ዛሬ በፕሮጀክት ግምገማ ትምህርት የምንማረው ዘዴ በዚያ ዘመን ገና ጀማሪ ነበር።

ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ጋድጊል ግን ባጠኑት በዚያው አካባቢ ሌላ ሥራ ጀመሩ። በሎኒ መንደር ቪታልራኦ ቪኬ ፓቲል የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። የመደበኛ ትምህርታቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቀደም ብለው በመንደራቸው የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋሙ፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ የታመኑ ሰው ነበሩ። የአገዳ ገበሬዎች ራሳቸው የፋብሪካ ባለቤት ይሁኑ የሚለውን ሐሳብ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ አክሲዮን ሰበሰቡ። የቦምቤይ ክፍለ ሀገር የኅብረት ሥራ ሚኒስትር የነበሩት ቫይኩንትባይ ሜታም ደገፏቸው። ፋብሪካው በ1950 ማብቂያ ላይ አገዳ መፍጨት ሲጀምር የማኅበሩ ሊቀ መንበር የካምብሪጁ ምሁር ጋድጊል ነበሩ።

ስለዚህ ጥምረት ደጋግሜ አስቤአለሁ። ገበሬው የነበራቸው በየደጁ ቆመው ገንዘብ ለመጠየቅ የሚያስችል አመኔታ ነው። ምሁሩ የነበራቸው ደግሞ የሒሳብ ሥርዓት፣ በመንግሥት ቢሮ የመደመጥ ዕድልና የአካባቢውን ኢኮኖሚ በአኃዝ የማወቅ ችሎታ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ፋብሪካ አያቆምም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በአገራችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ሁሉ ይነገራል፤ ድሩ ግን ከአንድ ዓይነት ክር ብቻ መፈተል የለበትም።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ዘመን በአገራችን በወንጂ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ጀምሯል። ሁለቱም ሥራዎች በመስኖ አገዳ ላይ የቆሙና በጥቂት ዓመታት ልዩነት የተጀመሩ ናቸው። በወንጂ ካፒታሉም አመራሩም ከውጭ መጣ፤ በሎኒ ባለ አክሲዮኖቹ አገዳ አብቃዮቹ ነበሩ። አንዱ የአገዳን ዋጋ የኩባንያ ወጪ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው የአባል ገቢ አድርጎ። ይህ የባለቤትነት ልዩነት ከቴክኖሎጂው ይልቅ የገጠሩን ኑሮ የሚወስን ይመስለኛል።

ሦስት ነጥብ አንድ በመቶ

ከነጻነት በኋላ የሕንድ ሪዘርቭ ባንክ የመላ ሕንድ የገጠር ብድር ዳሰሳ እንዲካሄድ አደረገ። ሥራውን የመራው ኮሚቴ በኤ. ዲ. ጎርዋላ ሰብሳቢነት የተዋቀረ ሲሆን ጋድጊል አባሉ ነበሩ። በ75 አውራጃዎች በሚገኙ 600 መንደሮች 127,343 ቤተሰቦች ተጠየቁ። በ1954 የወጣው ዘገባ ይዞት የመጣው አኃዝ ለኅብረት ሥራ ደጋፊዎች የሚያሳፍር ነበር። የኅብረት ሥራ ሕግ በሕንድ ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢሆነውም በ1951–52 ገበሬው ከተበደረው ገንዘብ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጣው 3.1 በመቶ ብቻ ነበር። ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው የመጣው ከአራጣ አበዳሪዎች ነው። ከ1875ቱ ዐመፅ ሰባ አምስት ዓመት በኋላም አበዳሪው በቦታው ነበር።

አንድ የኅብረት ሥራ ተሟጋች እንዲህ ያለውን አኃዝ ሲያገኝ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ ይደብቀዋል፣ ያስተባብለዋል ወይም ተስፋ ቆርጦ ሐሳቡን ይተዋል። ኮሚቴው ከሦስቱ አንዱንም አላደረገም። ውድቀቱን በግልጽ አስፍሮ፣ የወደቀበትን ምክንያት መረመረ። በመንደር ውስጥ ደካማው ከኃያሉ ጋር በአንድ ማኅበር ስለ ተሰበሰበ ብቻ እኩል አይሆንም። አበዳሪው፣ ነጋዴውና ባለ ርስቱ አንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ሰዎች ሲሆኑ ትንሹ ማኅበር ይዋጣል። ስለዚህ መንግሥት በአክሲዮን ገብቶ እንዲያጠናክረው፣ ብድር ከምርት ግብይትና ከመጋዘን ጋር እንዲተሳሰር፣ ታላቁ ባንክም ወደ ገጠር እንዲወጣ መከረ። በ1955 የሕንድ መንግሥት ባንክ የተቋቋመው ይህን ምክር ተከትሎ ነው።

ጋድጊል በ1967 የአገሪቱ የዕቅድ ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። በስማቸው የሚጠራው ቀመር የዚያ ዘመን ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ማዕከላዊው መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው የዕቅድ ድጋፍ በየፕሮጀክቱ የሚወሰን በመሆኑ ደጅ ጥናትና የፖለቲካ ቅርበት ቦታ ነበራቸው። በ1969 በጸደቀው ቀመር መሠረት ልዩ ሁኔታ ያላቸው አሳም፣ ጃሙና ካሽሚር፣ ናጋላንድም በቅድሚያ ከታዩ በኋላ ቀሪው ለሌሎች ክልሎች ይከፋፈላል፤ 60 በመቶው በሕዝብ ብዛት፣ 10 በመቶው የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከአገሪቱ አማካይ በታች ለሆኑት፣ 10 በመቶው በግብር አሰባሰብ ጥረት፣ 10 በመቶው በሂደት ላይ ላሉ ታላላቅ የመስኖና የኃይል ሥራዎች፣ 10 በመቶው ለልዩ ችግሮች። በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 የድጎማ ክፍፍልን የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት በተሰጠበት አገር ለምንኖር ሰዎች የዚህ ዓይነት ቀመር ትርጉም ግልጽ ነው። ቀመር ፍጹም ፍትሕ አይደለም፤ ነገር ግን ክርክሩን ከደጅ ጥናት አውጥቶ ሁሉም ሊያየው ወደሚችል ሒሳብ ያመጣዋል። በዚያው ዓመት ጋድጊል የመሩት ሌላ የጥናት ቡድን የባንክ አገልግሎት በየአካባቢው ሁኔታ ተመሥርቶ እንዲታቀድ መከረ፤ ለየአውራጃው አንድ መሪ ባንክ የመመደቡ አሠራር ከዚህ ወጣ። ጋድጊል በግንቦት 1971 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

ያልተቆጠሩት

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው የምሁር ገድል ይሆናል። የኢኮኖሚ ታሪክ ግን ከሰውየው ዕረፍት በኋላ የሆነውንም ይጠይቃል።

የፕራቫራን አርአያ ተከትለው በማሃራሽትራ ከመቶ በላይ የስኳር ኅብረት ሥራ ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል። ከትርፋቸው ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅና ሆስፒታል ሠርተዋል፤ ከመንደር ሰዎች መካከል ታላላቅ ፖለቲከኞችን አፍርተዋል። በአንጻሩ ሊቀ መንበርነቱ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ እንደ ውርስ መተላለፍ ጀምሯል። ሸንኮራ አገዳ በክልሉ ከሚታረሰው መሬት ጥቂቱን ይዞ የመስኖ ውኃውን አብዛኛውን ክፍል ይጠጣል፤ ድርቅ ሲመጣም ይህ ከባድ ጠብ ያስነሣል።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን የአገዳ ቆራጮቹ ነገር ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ ከቢድና በዙሪያው ካሉ ደረቅ አውራጃዎች እጅግ ብዙ ሰዎች ወደ አገዳው አገር ይወርዳሉ። በየማሳው ዳር ጊዜያዊ ጎጆ ቀልሰው እስከ በጋው ማብቂያ ይቆርጣሉ። የሚቀጠሩት ባልና ሚስት ተጣምረው ነው፤ ጥንዱ «ኮይታ» ይባላል፤ ቃሉ የአገዳ መቁረጫውን ስለት የሚያመለክት ነው። ደመወዛቸውን ወቅቱ ሳይጀመር ከደላላ በቅድሚያ ይቀበላሉ፤ ከዚያም ያንን ለመክፈል ይቆርጣሉ። ባይበቃ ለከርሞ ይተላለፋል። የሴቲቱ ድካም ከባሏ ጋር በአንድ ኮይታ ተጠቅልሎ ስለሚመዘገብ ለብቻው አይታይም።

ልብ ይሏል፤ የጋድጊል የዕድሜ ልክ ጉዳይ የገበሬው ዕዳ ነበር። ባለ መሬቱ አገዳ አብቃይ ከአራጣ አበዳሪው እጅ ወጣ። ዕዳው ግን ከገጠሩ አልወጣም፤ መሬት ወደሌለውና አክሲዮን ወደማይገዛው ሰው ተሻገረ። ይህን ሁሉ በጋድጊል ላይ መጫን አግባብ አይደለም፤ ስለ ሴት ሠራተኞች ራሱን የቻለ ጥናት የጻፉ ሰው ናቸው፤ የፋብሪካዎቹ መስፋፋት ዋና ክፍልም ከእርሳቸው በኋላ የሆነ ነው። ቢሆንም የማኅበሩ ንድፍ በመሬትና በአገዳ ላይ ሲመሠረት የአባልነቱ መዝገብ ማንን እንደሚያስገባና ማንን በር ላይ እንደሚያስቀር ከመነሻው ተወስኗል። ቆራጩ የሚታወቀው እንደ ወጪ ነው፤ እንደ ሰው የሚጠየቅበት ቅጽ የለም።

የመልሱ ነገር

እኔም በመስክ ሥራዬ የያዝኩት መነሻ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት መዝገብ ነው። ናሙና የሚወጣው ከእርሱ ነው፤ በሕግም በዘዴም የሚያስነቅፍ ነገር የለውም። የጋድጊልን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን መዝገቡን እንደ ስም ዝርዝር ብቻ ማየት አቅቶኛል። በአጨዳ ወራት ከሌላ ወረዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ በባላቸው ስም ብቻ የሚታወቁት ሚስቶች፣ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ከመዝገቡ ውጪ ናቸው። ማኅበሩ ተጠቃሚ አደረገ ወይስ አላደረገም የሚለው የጥናቴ ጥያቄ በአባላቱ መልስ ብቻ ከተመለሰ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ለእነርሱ የሚሆን አጭር መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ፤ አማካሪዬም ናሙናው አነስተኛ ቢሆንም ራሱን በቻለ ክፍል እንዲቀርብ ተስማምተዋል።

በመስክ ቆይታዬ አንድ አዛውንት ገበሬ መጠይቁን ሞልተን እንደ ጨረስን፣ «ልጄ፣ ዐምናም እንዳንቺ ያለች ልጅ መጥታ ጠይቃን ነበር፤ መልሳችንን የት አደረሳችሁት?» አሉኝ። በቁጣ አልተናገሩም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። ለዚህ ጥያቄ በምርምር ዘዴ መማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ መልስ አላገኘሁም። የተሳታፊ ፈቃድ፣ የመረጃ ምስጢራዊነት፣ የናሙና ብቃት ሁሉም ምዕራፍ አላቸው፤ መልሱን ለባለቤቱ ስለ መመለስ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ከእኛ መካከል ሁሉም ፋብሪካ ይምራ ማለቴ አይደለም። የጋድጊል መንገድ የራሱ አደጋ አለው፤ ሊቀ መንበር የሆነ ተመራማሪ የሚመራውን ተቋም ጉድለት ለማየት ከሌላው ይልቅ ይቸገራል። ሁሉም ምሁር የካምብሪጅ ዲግሪና የሚኒስትር ወዳጅነት የለውም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ ጊዜውም፣ ገንዘቡም፣ ተሰሚነቱም ውስን ነው። ነገር ግን በምንም ሥራ ባልተከፈለ ዕዳና በፋብሪካ ሊቀ መንበርነት መካከል ሰፊ ቦታ አለ። 3.1 በመቶን የመሰለ የማይመች አኃዝ ሳያለዝቡ መጻፍ በዚያ ቦታ ውስጥ ነው። «የሚመለከተው አካል» ከማለት የቢሮውን ስምና የሥልጣኑን አንቀጽ መጥቀስም እንዲሁ።

በበኩሌ የጽሑፌን ውጤት በሁለት ገጽ አማርኛ አጠቃልዬ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለማንበብ ከሊቀ መንበሩ ጋር ቀን ይዤአለሁ። አባል ያልሆኑት ሠራተኞች የሰጡት መልስም አብሮ ይነበባል። ጉባኤው ሊቀበለው ይችላል፤ ሊቃወመውም ይችላል። ቁጥሮቼን የሚያርሙኝም ይኖራሉ፤ ማሳው የእነርሱ ነውና። አዛውንቱም የጠየቁት መልስ የት እንደ ደረሰ በዚያው ጉባኤ ይሰማሉ።